ለኳስ የተቀነሰ ዕድሜ

አባቴ ሰይፈ ሚካኤል ሌባ ነው። የሰረቀው ብር አይደለም፣ ሞባይል አይደለም፤ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ዕድሜዬን ነው። ጥር ላይ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላኛል፣ ጢሜን በሳምንት ሁለቴ እላጫለሁ፣ በስፌት ማሽን ጥገና ተመርቄ ዲፕሎማዬን ይዣለሁ። በቀበሌው ወረቀት ላይ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይኼን የሰማ ሰው ሁሉ «አቦ፣ ታድለህ! ሳታረጅ ቀረህ!» እያለ ይስቃል። ወላሂ፣ የሚስቀውን ሁሉ ጥርሱን ባረግፍለት ደስታዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በኳስ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ተጫዋች ነበርኩ ይላል። የነበረው ተቀያሪ ወንበር ላይ መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ ማልያ ለብሶ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ሊገባ ሲያሟሙቅ ጉልበቱን አመመው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት «ይቺ ጉልበት ባትሆን ኖሮ» እያለ ይኖራል። የምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ በነበረበት ጊዜም ያው ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሽርጡን አገልድሞ ጫቱን ሲቅምም ወሬው እሷው ናት። አንዲት ጉልበት አገር ያፈረሰች ይመስላችኋል።

አንድ ቀን በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ስራገጥ አየኝና «ግራ እግር አለው!» ብሎ ጮኸ። ግራኝ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ተአምር አልነበረኝም። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሰማታር የሚባል አብሮት ጫት የሚቅም የበርጫ ጓደኛ አለው፣ የሰፈሩን ታዳጊዎች ያሠለጥናል። እሱ ደግሞ «ዋሪያ ሰይፈ፣ ይኼ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ቢሆን እኮ የሚችለው አልነበረም» አለው። ጥበቡን አያችሁልኝ? አሥራ አራት ዓመት የሞላው ከአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይበልጣል! ይኼን ለማወቅ አሠልጣኝ መሆን ያስፈልጋል? ሁለቱ ግን ወርቅ እንዳገኘ ሰው ተያዩ። የልደት ካርድ ስላልነበረኝ በሳምንቱ ቀበሌ ወሰዱኝ። ሰማታር መሰከረ፣ ሌሎች ሁለት የበርጫ ወዳጆቻቸው መሰከሩ፣ አባቴ ማለ። ጥር 1996 የተወለድኩት ሰውዬ መጋቢት 1999 ተወለድኩ። እናቴ ያን ሰዓት ታይዋን ገበያ ሻሽና ሽርጥ እየሸጠች ነበር፤ የሰማችው ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮዬን አትጠይቁኝ። ከየውድድሩ በፊት የላይኛ ከንፈሬን አባቴ በራሱ ምላጭ ይላጨኛል። ድምፄ ሲጎረንን «ዳኛ ፊት አፍህን እንዳትከፍት» አለኝ። ለአጥንት ምርመራ የተጠራን ቀን ተቅማጥ ይዞታል ብሎ አስቀረኝ። ብብቴ ሥር የሚደርሱ ሕፃናትን እየገፈተርኩ ሦስት ዋንጫ አነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ አላፈርኩም። ሰው እያጨበጨበልህ ማፈር ይከብዳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኳሱን ተውኩት፤ ወይም ኳሱ ተወኝ። ልጆቹ አድገው ደረሱብኝ፣ ከዚያም አለፉኝ፤ ግራ እግሬም ተራ ግራ እግር ሆና ቀረች። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የስፌት ማሽን ጥገና ተማርኩ። ይኼ ሥራ ይገባኛል። ማሽን አይዋሽህም፤ መርፌው ክር ከዘለለ የዘለለበት ምክንያት አለ፣ ፈልገህ ታገኘዋለህ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ፈተና አውጥቶ ከሃያ ስምንት ሰው ሦስታችን አለፍን። «በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የልደት ካርድና መታወቂያ ይዘህ ና። ካልመጣህ ተጠባባቂው ይገባል» አሉኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይቀጥሩም፤ ደግ አደረጉ።

ለአባቴ ነገርኩት።

«ሦስት ወር ጠብቅ» አለኝ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ። «መጋቢት ላይ አሥራ ስምንት ትሞላ የለ?»

«ሰኞ ነው እኮ ያሉኝ! ሰኞ!»

«ጥር ላይ የአንድ ክለብ የታዳጊዎች ምልመላ አለ። ሰማታር ሰው አናግሯል። እሷን ሳትሞክር ሄደህ የሴት ቀሚስ መስፊያ ሥር ልትጋደም ነው?»

«አባባ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው!»

«እሱን የምናውቀው እኔና አንተ ነን» አለና ዐይኑን ጠቀሰኝ።

ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ዐይኑን ይጠቅሰኛል! ቀጥሎ ደግሞ «የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት አልፈጠረባችሁም፤ እኛ በናንተ ዕድሜ» ብሎ ጀመረ። በኔ ዕድሜ ምን ነበርክ? ተቀያሪ! ለመሆኑ በየትኛው ዕድሜዬ ነው የምታወዳድረኝ፣ በወረቀቱ ነው በእውነቱ? አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ነገሩን የቆረጠችው እናቴ ናት። እናቴ የኔነሽ ብዙ አታወራም፤ ዝም አይነቅዝም ባይ ናት። ያን ማታ ግን ሳህን እያጠበች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «ሐሙስ ሁላችንም ቀበሌ እንሄዳለን። ዋሽቻለሁ ብለህ ትፈርምለታለህ። አይ ካልክ ከዓርብ ጀምሮ ምሳህን ሰማታር ያብላህ» አለችው። ጡረታው የጫት ነው፣ ቤቱ የሚበላው በሷ ሻሽ ነው። አባቴ ብዙ ነገር ባያውቅም ይቺን አሳምሮ ያውቃል። እሺ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ቀበሌው በረንዳ ላይ ሰልፉ ጢም ብሏል። ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ትተኛለች፣ ዓለም ቢገለበጥ የሚነሳ የለም። ሰማታር ምስክር ሆኖ መጥቶ ነበር። ሰልፉን አየ፣ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስልክ ሲጠራ የሰማ ሰው የለም። የሰው ዕድሜ ሲቆርጥ አንደኛ፣ ሲቀጥል የለም።

ተራችን አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ኻድራ የምትባል ምላሰኛ ሴት ናት፤ ጣቶቿ በሂና ጠቁረዋል፣ ኮምፒውተሩን የምትመታው እንደ ጠላቷ ነው። የቤተሰባችንን መዝገብ አወጣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«እናት፣ የኔነሽ ገብረ መድኅን። ልጅ ፍቅርአዲስ፣ ጥቅምት 1999። ልጅ ዘርዓብሩክ፣ መጋቢት 1999።» ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። አምስት ወር! ወላሂ፣ በአምስት ወር የምትወልደው ፍየል ናት!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘርዓብሩክ እኔ ነኝ፣ ፍቅርአዲስ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሥራ ስምንት ሞልቷት ባለፈው ወር መታወቂያ አውጥታ «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በለኝ» ስትለኝ ሁላችንም ስቀናል፣ ወሩን ግን ማናችንም አልቆጠርንም። ለምን መጋቢት ሆነ? አባቴ ስለመረጣት። ያን ቀን ቀበሌ ቆሞ ሲምል የገዛ ሴት ልጁ መቼ እንደተወለደች አላስታወሰም። ግራ እግር ስላልነበራት ይሆናል።

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት ታያለች። ሃያ ዓመት በዚህ ሰፈር አንገቷን ቀና አድርጋ የኖረች ሴት የፍየል መሳቂያ ሆና ቆማለች።

«እሺ አዴር» አለችው ኻድራ አባቴን፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «የልጁን ዕድሜ ላስተካክል ነው የመጣሁት ብለሃል። እንግዲህ ስማኝ። የፊተኛው ውሸት ከሆነ ዋሽቼ ነው ብለህ ቃልህን ትሰጣለህ፣ ፋይሉ ወደ በላይ ይሄዳል፣ ሁለት ወር ሦስት ወር ይፈጃል። ልትጠየቅበትም ትችላለህ። እውነት ከሆነ ደግሞ ይቺን አምስት ወር አስረዳኝ።»

ሁለት ወር! ሰኞ እኮ ነው! አባቴ ደግሞ ልትጠየቅ ትችላለህ የምትለዋን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔን ላሥር ውድድር ያስዋሸኝ ጀግና፣ አንዲት የቀበሌ ሴት ስትቆጣው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሁለቴ አሳለ። እናቴን ሳያያት፣

«የሷ አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ልጁ። ከሌላ ነው። ያሳደገችው እሷ ናት እንጂ ከሌላ ሴት ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ይኼ ግን አምልጦት አይደለም፣ አስቦበት ነው። «ዋሸሁ» የምትል አንዲት ቃል ከሚናገር ሚስቱን ከልጇ ቢነጥል ቀለለው።

ኻድራ ለአፍታ አየችውና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። «እንደዚያ ከሆነማ እናት ተሳስታ ነው የተመዘገበችው። የድሮው ይሰረዛል፣ አዲስ ይሞላል። ዛሬ ያልቃል። ዕድሜውንም በአዲሱ ላይ ትክክለኛውን ትሞላላችሁ፣ ማንም አይጠየቅም። መታወቂያውን ነገ ይወስዳል።»

ነገ! ነገ ዓርብ ነው። አባቴ ጎል እንዳገባ ሰው ዞሮ አየኝ።

ኻድራ ግን ሞኝ አይደለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። «አንተስ? ትልቅ ሰው ነኝ ብለህ አይደል የመጣኸው? ንገረኝ እስቲ። ይቺ ሴትዮ ወልዳሃለች ወይስ አልወለደችህም?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ አባቴን ሌባ፣ ፈሪ፣ ተቀያሪ ስል የምውል ሰው ነኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አምስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ተጠባባቂው ትዝ አለኝ፤ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፣ ማሽን ሲፈታ ብሎን ይጥላል። እሱ በኔ ቦታ ሊገባ ነው።

«አባቴ እንዳለው ነው» አልኩ።

ይኼው ነው ያልኩት፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

«እማ የኔነሽ፣ አንቺስ? ያላንቺ ፊርማ አይሆንም» አለች ኻድራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ኻድራ እስክሪብቶውን አቀበለቻት፤ ፈረመች።

«እሺ። የወላጅ እናት ስም?»

አባቴ ይኼን አላሰበበትም! ሴትዮዋን ፈጠራት፣ ስም ግን አላወጣላትም። «እ… እ…» ይላል። ከኋላ ያለ ሰውዬ «ስሟንም አያውቀው!» ብሎ ሳቀ። ኻድራ ትጠብቃለች። አባቴ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

«ስምረት በዪ» አለች እናቴ። «ስምረት ገብረ መድኅን።»

ስምረት የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በ98 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ አብራን ነበር የምትኖረው። እናቴ ፍቅርአዲስን አርግዛ፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ወጣች፤ ስምረት ከኋላ ነበረች፣ አልደረሰችም። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። አባቴ ባስጻፈው ወረቀት ብንሄድ ግን ጎርፉ ሲመጣ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ እናቴም ባዶ ጀርባዋን ነው ያሻገረችው። እናቴ ስለዚያ ቀን ለማንም አታወራም። የእህቷን ስም ከአፏ የሰማሁት በዕድሜዬ ሙሉ ያን ቀን ብቻ ነው።

ኻድራ ጽፋ ስትጨርስ ሁለቱን ስሞች አስተያየች። «ገብረ መድኅን… ገብረ መድኅን… እህትሽ ናት?»

«ታናሼ ናት። ጎርፍ የወሰዳት።»

ከኋላችን አንዲት ሴት «ውይ በሞትኩት! በሚስቱ እህት!» አለች። ሌላዋ «ሟቿን አስረግዞ?» ስትል ሰማሁ። ወሬው ከሰልፉ ራስ እስከ ጭራው ሄዶ፣ በረንዳውን ወርዶ፣ ግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ጋ ሲደርስ በዐይኔ አየሁት። አንድ ሽማግሌ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ቱ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አባቴ ምን ይበል? «አልነካኋትም» ካለ ልጁ ከየት መጣ ይባላል። በገዛ ውሸቱ ታንቆ ቆመ። ውሸታም ላለመባል ሲሸሽ፣ እስኪሞት ድረስ ድሬ የማትረሳለትን ስም ይዞ ተመለሰ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ውጭ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። አባቴ ግቢውን እንደወጣን ጀመረ። «ስሜን አጠፋሽው! የት ልግባ እንግዲህ? በየትኛው በርጫ ልቀመጥ?»

«ስም ነበረህ?» አለችው።

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቴን ነው፣ ዓመታት ሙሉ አንድ ሰው ይኼን ሰውዬ እንዲህ እንዲለው ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ባጃጅ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ሳቅኩ። አባቴ ሽቅብ ወደ ከዚራ ብቻውን መራመድ ጀመረ፤ ያቺ ጉልበቱ እንኳ አላነከሰችም።

እናቴ ስቄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

«እማ፣ እንዴት አሰብሽው ግን! ስምረትን…»

«ስምረት ይቅር ትለኛለች። ልጄ ለሌላ ሴት መሰጠቱ ካልቀረ ከደሜ አይውጣ ብዬ ነው።» ነጠላዋን አጣፋች። «እሱስ ልማዱ ነው። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው፣ ሌላ ነገር አልጠበቅኩም። አንተ ግን ዐይን ዐይኔን እያየህ ነው ያልከው።»

«ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እኮ። ትንሽ ቆይቼ አስተካክለዋለሁ፣ ወላሂ፣ ደሞዝ ከያዝኩ በኋላ ጠበቃም ቢሆን…»

«ያዝ እንግዲህ» አለችኝና ወደ ታይዋን ሄደች። ሰዉ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት እሷ ወደ ገበያ ሄደች።

ዓርብ ከአዲሱ የልደት ካርድ ጋር መታወቂያዬን ወሰድኩ። ሃያ ዓመት ይላል፤ ጥር 1996። ቅዳሜና እሑድ አባቴ ከክፍሉ አልወጣም፤ ሰማታርም ብቅ አላለም። እናቴ እንደወትሮዋ ሆነች፤ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ምሳ ዕቃዬ ጠረጴዛው ላይ ተቋጥሮ ጠበቀኝ፣ እሷ ወጥታ ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደረስኩ። የቅጥር ክፍሏ ልጅ ሁዶ ትባላለች፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም። የልደት ካርዴን ተቀብላ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችና የቤተሰብ ፎርሙን መሙላት ጀመረች። ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ነበር፤ አሁንም ይሞቃል።

«የአባት ስም ሰይፈ ሚካኤል። በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«የእናት ስም…» ካርዱን አየች። «ስምረት ገብረ መድኅን። በሕይወት አለች?»

ከኋላዬ ሌሎቹ ሁለቱ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁዶ እስክሪብቶዋን አንስታ አየችኝ።

«የለችም» አልኩ።

«ውይ፣ አዝናለሁ። ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አልኩ።